በረዶ ሲጥል ወደ ተራራው የምታደላው መኪና

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ላይ በረዶ ወርዶ ገበያውን ሲበትነው፣ እኔ ዘንቢሌን በራሴ ላይ ደፍቼ እህል ከጫነ አንድ መኪና ጎን ተለጠፍኩ። የመኪናው ሸራ ርሶ ነበር። የረጠበ ሸራ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ናፍጣ፣ ትንሽ የበግ ፀጉር፣ ትንሽ ጭቃ አለበት፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስም ያላገኘሁለት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ሰው ሁሉ እየሮጠ በየሱቁ ሲጠለል እኔ አፍንጫዬን ሸራው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "አንቺ ልጅ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለኝ። "የለም፤ ሸራው ደስ ብሎኝ ነው" አልኩት። መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ምን ይበል! እኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ለአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ስምንት ዓመት ሩቅ አገር ነው። ያኔ ደባርቅ ውስጥ ባጃጅ እንደ ዛሬ መንገዱን አልሞላውም፤ አንድ ሲመጣ ቆመን እያየን እናሳልፈው ነበር። ያኔ ፓስቲ አንድ ብር ነበር፤ ያውም ከመዳፌ የሚሰፋ፣ ዘይቱ የተጠቀለለበትን ወረቀት መስተዋት የሚያስመስል። ይህን ለታናሽ ወንድሜ ስነግረው የነገሥታቱን ዘመን የማወራለት ይመስል ዓይኑን ያፈጣል። ከመናኸሪያው ጀርባ የላስቲክ ጫማ የሚደረደርበት ጥግ ነበር፤ ሮዙን ለማግኘት ቅዳሜ በጠዋት መድረስ ያስፈልጋል፤ ላረፈደ የሚተርፈው ቡኒው ነው፤ ቡኒ ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ደግሞ እናቷ እንዳረፈደች ሁሉም ያውቅባታል። ከጫማው ጥግ ቀጥሎ በፍላሽ ዘፈን የሚጭን ጎረምሳ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ የጎንደር ዘፈን ሲያስጮህ፣ በጉን እየጎተተ የሚያልፈው ገበሬ ሳይቀር ትከሻው ይነቃነቃል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ጊዜ፣ እዚህ አላስገባውም። ይህ ትዝታ ከዚያ በፊት ያለ አገር ነው።

አባቴ ፈንታሁን ይባላል፤ የአምቢኮ ልጅ ነው፤ ከራስ ዳሽን ሥር ካለው መንደር። ያኔ የሚነዳት አረንጓዴ ፒክአፕ ነበረችው፤ ፎርዊል ናት፤ ማለትም መንገዱ ሲከፋ አራቱም ጎማዎቿ በአንድነት ይጎትታሉ። ሌላው አባት ስለ ልጁ ውጤት ሲያወራ የሚነፋውን ያህል የኔ አባት ስለዚህች ፎርዊል ሲያወራ ይነፋ ነበር። ከኋላ ጭነት በሚቀመጥበት ካሶኒዋ ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ አግዳሚ ጣውላ አስቸንክሮላት፣ ከላይ የሸራ ጎጆ ሠርቶላት፣ ከደባርቅ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበር፣ በጨነቅ አድርጎ የቧሂትን አናት ተሻግሮ ሰው ይወስዳል፣ ሰው ይመልሳል። ጨው ይጭናል፣ ስኳር ይጭናል፣ ቆርቆሮ ይጭናል፤ ካህን፣ ነፍሰ ጡር፣ ዶሮ ይጭናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔን ይጭነኛል። የፊት ወንበር ለሽማግሌና ለበሽተኛ ስለሆነ የኔ ቦታ ከሸራው ሥር ነው፤ በጋቢና በበርኖስ መሀል ተወትፌ፣ የማላውቀው ሰው ጭኮ እያጎረሰኝ፣ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ እያንቀላፋሁ። ዛሬ አውቶቡስ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያይ ያ ጭኮ ይናፍቀኛል።

እማዬ የዳባት ሰው ናት። ዳባት ለደባርቅ ቅርብ ነው፤ ሜዳው ግን ለእሷ ሌላ ነገር ነው፤ "እኛ አገር መሬቱ የሚያልቅበት ቦታ የለውም" ትላለች። የስፌት መኪናዋ በረንዳችን ላይ ነበር፤ መስከረም ሲቃረብ የከተማውን ልጆች የደንብ ልብስ ስለምትሰፋ ግቢያችን በሰማያዊ ቁርጥራጭ ይሞላል። ከቡይት ራስ ወዲያ አልፋ አታውቅም። የገደሉን ወሬ ከመንገደኞቹ አፍ ሰምታ ጠግባለች፤ ማየት አላሻትም።

ያቺ ፒክአፕ አንድ ክረምት ላይ አመል አወጣች። በደረቅ መንገድ እንደ ክር ቀጥ ትላለች፤ በጭቃም ደህና ናት። ከጨነቅ በላይ፣ ቧሂት ላይ፣ በረዶው እንደ ዱቄት ሲነጠፍ ግን ወደ ጎን ትጎትታለች። አባዬ መሪውን ወደ መንገዱ ይይዛል፣ እሷ ወደ ተራራው ግርጌ ታመራለች፤ እዚያ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ቦዩ ውስጥ ዘፍ ትላለች። ሰው ሁሉ ከሸራው ሥር ይፈስሳል፤ "ሆ! በል! ሆ!" ተብሎ ትወጣለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፤ ደግሞ ቦይ። የመጀመሪያ ቀን ሳቅን። በሁለተኛው አንድ ሙሉ ጣሳ ዘይት ተደፋ። በሦስተኛው አንዲት አራስ ከነልጇ ብርድ ላይ ስትቆም አባዬ ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና ራሱ እየተንቀጠቀጠ ገፋ፤ የዚያን ቀን የሳቀ የለም።

መካኒኩ ጋሽ ሰይድ የአባዬ ጓደኛ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር እጁን በጨርቅ መጥረግ የማይተው ሰው። ጋራዡ ወደ ጎንደር መውጫ ላይ ነበር። መጀመሪያ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ፤ እኩል ነው። የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዘዋወረ፤ ቧሂት ላይ ያው ሆነ። ከዚያ አንዱ ፍሬን ይዞ ይሆናል ብሎ አራቱንም ፈታ፤ ከዚያ ባሌስትራውን፣ መኪናዋን የተሸከመውን የብረት ንብርብር፣ ሥሯ ተኝቶ አንድ በአንድ በመዶሻ እያንኳኳ አዳመጠ፤ የተሰበረ የለም። በመጨረሻ ወደ ዳባት በሚወስደው አስፋልት ላይ ይዟት ወጣ። አባዬም አለ፤ እኔ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። ጋሽ ሰይድ ሜዳው ላይ ሁለት እጁን ከመሪው አነሳና ወደ ላይ ሰቀላቸው፣ እንደ ተማረከ ሰው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

"ፈንቴ፣ ይቺ መኪና ከእኔም ከአንተም ትቀናለች" አለ።

"እዚህማ ትቀናለች። እዚህ ማን ጠየቃት!" አለ አባዬ።

መንገደኞቹ ግን ምክንያቱን አግኝተውታል። ያገኙት መሪጌታ ውባለም ናቸው፤ ከቧሂት ማዶ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ደባርቅ ለጨውና ለሳሙና የሚወርዱ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው። "አንድ ቀን ወደ ገደሉ ሄዳ ታውቃለች? መልሱልኝ!" ይላሉ ከሸራው ሥር። "አታውቅም!" ይላል ሰው። "ሁልጊዜ ወደ ተራራው! መልአክ ነው መሪዋን የያዘላት!" ሴቶቹ እልል ይላሉ። አባዬ ቦዩ ውስጥ በአካፋ እየቆፈረ፣ "መሪጌታ፣ መልአኩ መንገዱ መሀል ቢተወኝ ምን ነበረበት?" ሲላቸው፣ "ከገደል ቦይ አይሻልህም ወይ አንተ?" ብለው አካፋውን ተቀብለው ያግዙታል።

ከተማው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበረው። መናኸሪያው በር ላይ የሚቆሙት ሾፌሮች፣ "ፈንታሁን እጁ ከዳው" ማለት ጀመሩ። "ሰውየው አርጅቷል፤ መሪ ሲይዝ አይታወቀውም" አሉ። አባዬ ያኔ አርባ እንኳ በደንብ አልዘለለም። ቤት ሲገባ፣ ራት ላይ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ የሌላ ሰው ዕቃ የመረመረ ያህል፣ ገልብጦ ሲያየው አይቼዋለሁ። እማዬም አይታዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ረጅም መስመር አሰመረችና መቀሷን ሰጠችው።

"ና እስቲ ቁረጠው።"

"እኔ? አበላሽብሽና!"

"ቁረጥ አልኩህ።"

አባዬ ተንበረከከ፤ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ እኔ ፊደል ስጽፍ እንደማደርገው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆረጠ። እማዬ ጨርቁን አንስታ ለብርሃን ሰቀለችው። ከመስመሩ አንድ ክር እንኳ አላለፈም። እኔ ማጨብጨብ ጀመርኩ፤ አባዬም ፊቱ በራ።

"እጅህ ደህና ነው" አለች። "እንግዲያው መኪናዋ ናት ማለት ነው። ትሸጣለች።"

የአባዬ ፊት ወዲያው ጠቆረ። እማዬ ክፉ ሆና አልነበረም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር በር ላይ ቆማ መንገድ ማየት ሰልችቷታል። የስፌት መኪናዋ በዝናብ ቀን ድምፅ እንደማይሰጥ እኔ አውቃለሁ። በሳምንቱ የአገሯ ሰው፣ አንድ የዳባት ነጋዴ፣ መጥቶ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ለሜዳ ሥራ እንደሚፈልጋት ተናገረ። "እኔ ዘንድ በረዶ አያገኛትም" አለና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እንዴት ያለ ስድብ ነው! ያቺ መኪና ሜዳ ላይ ሽንኩርት ልታመላልስ!

አባዬ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የልጅነት ጓደኛው አምቢኮ ላይ ሴት ልጅ ወልዶ፣ የክርስትና እናቷ እንድትሆን እማዬን ጠይቆ ነበር፤ እሷም እሺ ብላ የሕፃኗን ልብስ በእጇ ሰፍታ ጨርሳለች። እንቢ የሚባል ነገር አይደለም፤ በዋዜማው ወደ አምቢኮ በእግር ቁልቁል መውረድ የሚጀመርበት ቦታ ድረስ በመኪና መድረስ አለባት። "በእሷ እወስድሻለሁ" አለ አባዬ። "አንድ ጊዜ ቦይ ከገባች፣ ስንመለስ ቁልፉን አንቺው በእጅሽ ለሰውየው ስጪው። እኔ አንድ ቃል አልናገርም።" እማዬ የሰፋችውን ልብስ አጠፈች። "እሺ፤ ካልገባች ደግሞ እናያለን" አለች። ያን ሌሊት መልአኩ ለአንድ ቀን ብቻ ሥራውን እንዲተው ጸለይኩ።

ከጉዞው በፊት አባዬ ጋሽ ሰይድን ሊሰናበት፣ መኪናዋንም ለመጨረሻ ጊዜ ሊያሳየው ጋራዡ ሄደ። እኔ አለሁ። ጋሽ ሰይድ ሞተሯ ላይ አጎንብሶ ብሎን ያጠብቃል፤ አባዬ ደግሞ ያማርራል፤ "የመሪጌታ መልአክ ደግሞ ትጉህ ነው፤ ስወጣ በቀኝ ይጎትተኛል፣ ስመለስ በግራ ይጎትተኛል፤ ዕረፍት የለውም።"

ጋሽ ሰይድ መፍቻውን አስቀመጠ። "ምን አልክ?"

"ቀልድ ነው ባክህ።"

"አይ፣ አይ። ስትወጣ በቀኝ፣ ስትመለስ በግራ?"

"ተራራው ስትወጣ በቀኝህ አይደል? ስትመለስ በግራህ ይሆናል። ሁልጊዜ ወደ ተራራው ናት።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም!" ጋሽ ሰይድ ጨርቁን ወለሉ ላይ ወረወረው። "ፍሬን ቢይዝ አንድ ጎን ነው የሚይዘው። ባሌስትራ ቢሰበር አንድ ጎን ነው የሚሰበረው። ስትመለስ ጎን የሚቀይር ብልሽት አባቴም አላየ፣ እኔም አላየሁ። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

"አንተ? ክርስትና?"

"ክርስትናውም ሥጋውም ለእናንተ። ለእኔ ዳቦና ማር ካለ ይበቃኛል። እኔ የምሄደው ለእሷ ነው" ብሎ የሞተሯን ክዳን መታ መታ አደረገ።

ጠዋት ስንነሳ ደባርቅ ላይ ፀሐይ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ስለሆነ ዳገቱ ሁሉ በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። ጭነት የለንም፤ ሰው ብቻ ነው፤ ገሚሱ ለክርስትናው የሚሄድ፣ ገሚሱ ወደ ቤቱ የሚመለስ። ከፊት አባዬ፣ መሀል ጋሽ ሰይድ፣ በሩ ጋ እማዬ፤ የሕፃኗን ልብስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። ከኋላ መሪጌታ አሉ፤ ከገበያ ዶሮ የገዙት እማማ ዘውዴ የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ አንድ አዲስ ሙሽራ ባሏን ይዛ አለች፤ ሌላም ሰው ነበር፤ እኔም። እስከ ሳንቃበር ድረስ ግራና ቀኝ አግዳሚው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ መሪጌታ ስለ አንድ ሰነፍ ደቀ መዝሙር እያወሩ አሳቁን። ጨነቅ ስንደርስ ሰማዩ አመድ መሰለ። ዳገቱን ስንጀምር ሸራው ላይ ቅልል ያለ ድምፅ መጣ፤ አሸዋ በወንፊት እንደሚያልፍ ያለ።

"በረዶ ነው" አለች ሙሽሪት።

ከዚያ የሆነውን እኔ ስንት ቅዳሜ አይቼዋለሁ፤ ግን የሚነገር ነገር እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያዘዘ የለም። በገደሉ በኩል የተቀመጡት ብቻ አንድ በአንድ ተነሱ። መሪጌታ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተሻገሩ። ሙሽራው ሚስቱን በወገቧ አሻገራት። እማማ ዘውዴ ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው በክርናቸው ቦታ ከፈቱ። በአንድ አፍታ ካሶኒው ላይ ያለ ነፍስ ሁሉ በተራራው በኩል ተደራረበ፤ እኔ ከሁሉም ሥር፣ ጉንጬ ጣውላው ላይ፣ የዶሮዋ ላባ አፍንጫዬ ውስጥ። ደግሞ እንዴት ይሞቃል! ይሄንኑ እወድ ነበር እኮ፤ በረዶ ሲጥል ሁሉም ሰው የሚተቃቀፍ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋ ማዘንበል ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ወደ ተራራው። ከፊት የእማዬ "በስመ አብ!" ተሰማኝ። አባዬ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ አቆማት። ሰው እንደ ልማዱ ሊወርድ ሸራውን ሲገልጥ የጋሽ ሰይድ ጩኸት መጣ፦ "ማንም እንዳይወርድ! እንዳላችሁ ሁኑ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" በኋላ እንደነገረን፣ ልብ ያለው መኪናዋን ሳይሆን መውረዳችንን ነው፤ አባዬ ወርዶ ሊያይ በደረሰ ቁጥር ሰው ሁሉ መሬት ላይ ስለሚገኝ፣ የተጫነችውን መኪና ቆማ ያያት ሰው አልነበረም።

ሸራው ተገለጠ። የጋሽ ሰይድ ፊት ብቅ አለ፤ ጺሙ ላይ በረዶ ሰፍሯል። እኛን አየ። ባዶውን አግዳሚ አየ። እንደገና እኛን አየ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ በለሆሳስ።

"ተቀምጠናል" አሉ መሪጌታ፣ የአንድ ሰው ጉልበት ደረታቸው ላይ እንዳለ።

"ይሄኛውን አግዳሚ ማን ይዞት ነው?"

"ማንም አልያዘው ልጄ" አሉ እማማ ዘውዴ፤ "ሰፊ ነው፤ ከበረደህ ግባና ተቀመጥ።"

ጋሽ ሰይድ እየሳቀ በረዶው ላይ ዘፍ አለ። "ፈንታሁን! ፈንቴ! ና መላእክትህን እይ! አንዱ ዶሮ ይዟል!"

አባዬ ዞሮ መጣ። ጋሽ ሰይድ እንባውን እየጠረገ አስረዳው፤ በእኛ በኩል ያሉት ጎማዎች በበረዶው ይሰምጣሉ፣ በባዶው በኩል ያሉት ቀልለው ዝም ብለው ይሽከረከራሉ፤ የሰመጠው ይይዛታል፣ የቀለለው ይሸሻል፤ መኪናዋ ደግሞ ወደያዛት ትዞራለች። "አራት እግር ያላትን በሁለቱ እግሯ አቁማችኋት ፎርዊል ምን ያድርግላት!" አለ። አባዬ ካሶኒውን አየ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን አየ፤ ቀስ አድርጎም ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትቀመጡት?" አለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። "የዚያ የሊማሊሞው መኪና ጊዜ..." አለች ሙሽሪት። አዎ! የክረምቱ መባቻ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሊማሊሞ ላይ ተንሸራቶ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ውሎ ነበር። ደባርቅ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሊያየው ወርዷል፤ ቆሎ ይዞ የሄደም ነበር። አይተን ተመለስን፤ ፍርሃቱ ግን አብሮን ተመለሰ።

"በሉ እንግዲህ፣ ግማሻችሁ ወደዚህ" አለ ጋሽ ሰይድ ባዶውን አግዳሚ እየመታ።

የተንቀሳቀሰ የለም።

"መሪጌታ?"

"እኔ ለራሴ አልነበረም" አሉ መሪጌታ፤ "ግን ደብሩ ሌላ የድጓ መምህር የለውም።"

"እኛ ገና መጋባታችን ነው" አለ ሙሽራው።

"እኔ አሮጊት ነኝ፤ ምን ክብደት አለኝና ነው? ሚዛን አልሞላም" አሉ እማማ ዘውዴ።

"እኔ እቀመጣለሁ፤ ግን ሥጋዬን ታዩታላችሁ" አለ ጋሽ ሰይድ። እውነት ነው፤ እሱ ብቻውን ያንን ጎን የሚያስተካክል ሰው አልነበረም። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ቀለደ። ሰው ወደ ነጩ ጠርዝ ያያል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አባዬ በመጨረሻ፣ "ተወው ሰይድ፤ ሰው በግድ ገደል ላይ አይቀመጥም። ዞረን እንመለስ" አለ። ድምፁ እንደ በረዶው ቀሎ ነበር። መመለስ ማለት ሕፃኗ ያለ ክርስትና እናት፣ መኪናዋ ለዳባት ነጋዴ ማለት ነው። እኔ ከሰዉ ሥር ሆኜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ዶሮዋም አብራኝ።

የፊት በር ሲከፈት ሰማን። እማዬ መኪናዋን በእጇ እየተደገፈች፣ አንድ እግር ካነሳች በኋላ ሌላውን ለማንሳት እያሰበች፣ ዞራ መጣች። ፊቷ ከያዘችው ነጭ ጨርቅ አይለይም። ወደ ገደሉ አልዞረችም። የካሶኒውን ጠርዝ ያዘች፤ አባዬ ሊደግፋት ሲጠጋ፣ "ተወኝ" አለችው፤ ወጣች፤ ባዶው አግዳሚ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። የሕፃኗን ልብስ ጭኗ ላይ አኖረች።

"አንቱ መሪጌታ" አለች።

"አቤት እመቤት።"

"ይምጡ ከጎኔ። መልአክ ካለ በዚህም በኩል ይኖራል።"

መሪጌታ ራሳቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። "እንግዲህ በራሴ ትምህርት ተረታሁ!" ብለው ተሻገሩ። መሪጌታ ከተሻገሩ ማን ይቀራል? ሙሽሪት ባሏን ጎተተችው። እማማ ዘውዴ ዶሮዋን ለአንድ ሰውዬ አቀበሉ፤ "እሷ እዚያው ትቆይ፤ ምን አጠፋች?" ብለው መጡ። እኔም ተስፈንጥሬ እናቴ ጉያ ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ቁጥራችንን እንደ አስተማሪ አስተካክሎ፣ አንዱን ወፍራም ሰው ወዲያ አንዱን ወዲህ አድርጎ፣ ሸራውን በገደሉ በኩል ጠቅልሎ አሰረው፤ "እያየኋችሁ ነው! የተሸሸገ ሰው እዚሁ ይቀራል!" አለና አንድ እግሩን የበሩ ደረጃ ላይ አድርጎ ተንጠለጠለ።

አባዬ ፎርዊሉን አስገባ። መኪናዋ ቦዩን ተሰናብታ መሀል መንገድ ያዘች። በረዶው ከሥር ይጮሃል፣ ጎማዎቹ ግን ይይዛሉ። የእማዬ ጣቶች የእጄን አንጓ ይዘዋል፤ ዓይኗ ጭፍን ነው።

"ቀጥ እያለች ነው?" አለችኝ።

"ቀጥ እያለች ነው እማዬ።"

"ገደሉ አለፈ?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

ከዚያ ንፋስ ደመናውን ገፈፈው። በረዶው ከላያችን እየወረደ፣ ከሥራችን ደግሞ፣ በጣም ከሥራችን፣ ቆላው ፀሐይ ሞቆት ተዘርግቶ ነበር፤ ሰንሰለት ሰንሰለት የሆነ ተራራ፣ በመሀሉ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ፣ ከዚያም ማዶ ሌላ ሰንሰለት፣ ከዚያም ማዶ ሰማያዊ፤ መሬቱ የሚያልቅበት ቦታ የለውም። እኔ "ኧረ!" ስል እማዬ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ከዚያ ሁለተኛውን። ለመዝጋት አልተቸኮለችም። ጣቶቿ አንጓዬ ላይ ላላ አሉ። አየች፣ አየች።

"ሾፌር በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?" አለች በመጨረሻ።

"በዚሁ በኩል ነዋ። በግራ።"

"እና ሲወጣ ሁሉ ይሄን ነው የሚያየው?"

"ሁልጊዜ።"

ዘንበል ብላ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፏ ደበደበች። አባዬ ደንግጦ አቆመ፤ አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ በረዶው ፀጉሩ ላይ ይወርዳል።

"ምነው? ምን ሆንሽ? ልውሰድሽ ወደ ፊት?"

"ምንም አልሆንኩ። ለዚያ ለዳባቱ ሰውዬ እንዳይመጣ ትነግረዋለህ።"

"ማን? መቼ?"

"ኔትወርክ ስታገኝ ነዋ! አሁን ንዳ፤ ሕፃኗ ትጠብቀናለች።"

አባዬ አንገቱን አስገባ። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ሞተሩ ብቻ ቀስ እያለ ይደልቃል፤ በረዶው ባዶ መንገድ ላይ ይወርዳል።

"ምን ይጠብቃል ይሄ ሰው?" አሉ እማማ ዘውዴ።

"ይተዉት" አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከቆላው ሳታነሳ። "ዓይኑን እየጠረገ ነው።"